ጀርባዋን ሰጥታ የወጣችው ጂፕ

ባለፈው ሰሞን አብነት አካባቢ ካለ ጋራዥ ደጃፍ አንዲት አሮጌ ጂፕ በድንጋይ ተደግፋ አየሁ። ጎንበስ ብዬ ከሆዷ ሥር ስመለከት፣ ኃይልን ወደ ኋላ ጎማዎች የሚያደርሰው ረጅሙ የብረት ዘንግ ተፈቶ ተወስዷል። የግራሶና የናፍጣ ሽታ አፍንጫዬን ሲሞላው እንደገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆንኩ። በውስጤ ያረጀ የመሰለኝ ቂምም አብሮኝ ልጅ ሆነ።

ገበያተኛው እትዬ አለሚቱ የሚላት እናቴ፣ ከአንዋር መስጊድ ወረድ ብሎ ካለው ተራ በርበሬ ትሸጥ ነበር። አባቴ ሲሞት ከተወላት ሱቅና ጂፕ ሌላ ሀብት አልነበራትም፤ ጂፗንም ራሷ ትነዳለች። ፊት ለፊታችን ጋሼ ታፈሰ የሚባሉ ነጋዴ ነበሩ። የሚሸጡት በርበሬ፣ የሚነዱትም የእኛኑ ዓይነት ጂፕ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ደንበኞቿን ሳታጣ መክረሟ ግን እንቅልፍ ይነሳቸው ነበር።

በሰፈራችን ጋራዦች አንድ ልማድ ነበር። ለጥገና ከቆመ መኪና ላይ፣ ባለቤቱ ከፈቀደ፣ ለቸኮለ ሰው ዕቃ ተፈቶ በውሰት ይሰጣል። በፋሲካ ገበያ ሳምንት የእናቴ ጂፕ ፍሬኗ ሊሠራ ጋራዥ አደረች። በማግስቱ ማለዳ ልንወስዳት ብንሄድ መካኒኩ ራሱን ይዞ ጠበቀን።

«እኔን አፈር ያርገኝ እትዬ! ጋሼ ታፈሰ ‹አለሚቱ ፈቅዳለች› ብለውኝ የኋላ ዘንጓን ፈትቼ ለጂፓቸው ገጠምኩላቸው። ሲሄዱ ነው ‹ከእንግዲህ ንቅንቅ አትልም፤ ዛሬ ሱቋን ዝንብ ይጠብቀዋል› ብለው የሳቁት።»

በዚያ ሳምንት የሚከራይ መኪና አይገኝም። በርበሬው ያለው አማኑኤል ከተከራየነው መጋዘን ነው። ደንበኞቻችን መጥተው ሱቁን ባዶ ካገኙት መንገዱን ተሻግረው ወደ ጋሼ ታፈሰ ይሄዳሉ። እናቴ አላለቀሰችም።

«የፊቱ ዘንግ አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያው የፊቱ ይጎትተናል።»

ኃይልን ለፊት ጎማዎች የምትሰጠውን አጭሯን ማርሽ አስገባች። ማርሿ አርጅታ እየዘለለች ትወጣ ስለነበር «በሁለት እጅህ ያዛት፤ ብትለቃት እዚሁ እንቀራለን» አለችኝ። ያዝኳት። ንዝረቷ እስከ ጥርሴ ይሰማኝ ነበር።

ጆንያዎቹን ጭነን ወደ ሱቆቹ የሚያወጣው ዳገት ላይ ስንደርስ ሸክሙ ወደ ኋላ ተጫነ፤ የፊት ጎማዎቹ ድንጋዩን እየፋቁ ባዶ ዞሩ። የተቃጠለ ጎማ ሸተተን። እናቴ ቁልቁል ለቀቀቻት፣ አዞረቻትና በኋላ ማርሽ ሽቅብ ጀመረች። ጎታቾቹ ጎማዎች አሁን ከታች ሆነው ክብደቱን ተሸከሙ። የገበያው ኩሊዎች መንገድ እየለቀቁ ጮኹ፤

«እትዬ፣ መኪናዋ ከሰፈሩ ጋር ተኳርፋለች እንዴ? ጀርባዋን ሰጥታን ነው የምትሄደው!»

እናቴ ወደ ሱቃችን አልታጠፈችም። ጂፗን በጋሼ ታፈሰ ሱቅ በር ላይ አጋድማ አቆመች፤ ሞተሩን አጥፍታ ቁልፉን ከደረቷ ከተተች።

«አንቺ ሴትዮ፣ በሬን ዘጋሽብኝ! አንሺያት!» ብለው ወጡ።

«ጋሼ ታፈሰ፣ ዘንግ የሌላት መኪና ንቅንቅ አትልም ያሉት እርስዎ አይደሉም? ይኸው፣ አልንቀሳቀስ አለች።»

ገበያው በሳቅ ፈነዳ። እሷ ግን አልሳቀችም። ጆንያ ፈትታ እዚያው በራቸው ላይ ትሸጥ ጀመር። የእኛም የእሳቸውም ደንበኛ ከእሷ ገዛ። ረፋዱ ላይ ጋሼ ታፈሰ ዘንጉን እንዲመልስ ሠራተኛቸውን መፍቻ አስይዘው ሲልኩ መለሰችው። «የወሰዱት እጆች ናቸው የሚመልሱት» አለች።

መካኒኩ ከጋራዡ ተጠርቶ፣ ቆሞ እያሳያቸው፣ ጋሼ ታፈሰ በነጭ ሸሚዛቸው ተንበርክከው ከጂፓቸው ሥር ገቡ። ስምንት ብሎን ፈቱ። ከእኛዋ ሥር ገብተው ስምንት አጠበቁ። እያንዳንዷን ጮክ ብዬ ቆጠርኩ፤ ማንም ዝም በል አላለኝም።

ዛሬ ያ ዳገት አስፋልት ለብሷል፤ በቆርቆሮ ሱቆቹ ቦታ የመስታወት ሕንፃ ቆሟል። ጋሼ ታፈሰ አርጅተው በልጃቸው ሱቅ ደጃፍ ይቀመጣሉ። እናቴም አርጅታለች፤ መሪውን የምይዝላት እኔ ነኝ። በዚያ ባለፍን ቁጥር «አቁምልኝ» ትለኛለች። መስታወቱን ዝቅ አድርጋ በለሰለሰ ድምፅ ትጠይቃቸዋለች፤

«ጋሼ ታፈሰ፣ ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ?»

መንገደኛው የአሮጊት ደግነት ይመስለዋል። እሳቸው ግን ያን ቀን መሬት የነካውን ጉልበታቸውን ዳበስ አድርገው አንገታቸውን ይደፋሉ። ስለ ይቅርታ የተጻፈ ብዙ አንብቤያለሁ፤ ያነበብኩትንም አከብራለሁ። ነገር ግን በዚያች ቅጽበት ያቺን አጭር ማርሽ ዛሬም በሁለት እጄ እንደያዝኩ ይሰማኛል፤ ብለቃት እዚያው የምንቀር ይመስለኛል።