አምስት ሆነን የሄድንበት ውድድር

መካነ ሰላም ውስጥ ስምንት ዓመት መረብ ኳስ ተጫውቻለሁ። የወረዳው የሴቶች ቡድን አምበል ነበርኩ። ሥራዬ ኳሱን ለመቺዋ ማንሳት ነው። ሕዝቡ የሚያጨበጭበው ለመቺዋ ነው፤ ያነሳላትን ማንም ልብ አይልም። እኔ ግን እወደው ነበር።

መቺያችን ግራኝ ነበረች። አባቷ አቀስታ አጠገብ ልጆች ሰብስበው ቁርዓን የሚያስቀሩ ሸኽ ናቸው፤ እሷ መካነ ሰላም አክስቷ ዘንድ ሆና ነው የተማረችው። በረጅም ሱሪና በሒጃብ ነበር የምትጫወተው። እኔ ሳላያት አነሳላታለሁ፣ እሷ ሳትጠራኝ እዚያ ትደርሳለች። ከሜዳ ውጭ ያን ያህል አናወራም ነበር።

አሰልጣኛችን ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር ናቸው። ነጥብ ሲቆጠርብን አንገት መድፋት አይወዱም። "ያለፈውን ኳስ ተዪው፤ የሚመጣውን ያዢ" ይሉኝ ነበር። አመንኳቸው። ቁርጭምጭሚቴ አብጦ በጨርቅ አስሬ ተጫውቻለሁ። ጨዋታ እንዳያመልጠኝ ብዬ ከአጎቴ ልጅ ሠርግ ቀርቻለሁ።

አንድ ዓመት ለዞን ውድድር ደሴ ሄደን ሳለ የአንድ ክለብ አሰልጣኝ ለብቻዬ ጠራኝ። ደመወዝ አለ፣ ማደሪያ አለ፣ ግን የፈለገው እኔን ብቻ ነበር።

"ልጆቹ ሌላ አንሺ የላቸውም" አልኩት።

"አስቢበት እንጂ።"

አላሰብኩበትም። እናቴ ስትሰማ ሁለት ቀን አላነጋገረችኝም።

ከዚያ ቡድኑ መመናመን ጀመረ። አንዷ ኩታበር ሄዳ አገባች። ሁለቱ ጅዳ፣ አንዷ ቤሩት ሄዱ። መንገዱ ተዘግቶ ውድድር በተቋረጠበት ጊዜ ደግሞ ሌሎቹ ልምምዱን ተዉት። መንገዱ ተከፍቶ የዞኑ ውድድር ሲጠራ ልክ ስድስት ነበርን። ተቀያሪ የለንም።

የመሄጃችን ቀን ማለዳ መናኸሪያ ስደርስ መቺዋ ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጣለች። ጉልበቷ ላይ አዲስ ሻንጣ አቅፋለች።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ቪዛዬ መጣ። ከደሴ ወዲያው ወደ አዲስ አበባ እሳፈራለሁ።"

"መቼ አወቅሽ?"

"ሐሙስ" አለች።

ሐሙስ ልምምድ ነበረን። ሁለት ሰዓት ሙሉ ኳስ ሳነሳላት ነበር። አሰልጣኙ ከፊት ወንበር ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል፤ ዞር አላሉም።

አቀስታ ላይ ሻይ ልንጠጣ ስንወርድ ከሰው ለይቼ ወሰድኳት። ብርዱ ከንፈሯን አድርቆታል።

"ጨዋታው ከሰዓት ነው። አንድ ጨዋታ ብቻ ተጫወቺልንና ነገ ትሳፈሪያለሽ።"

"ኤጀንሲው ነገ ጠዋት አዲስ አበባ ድረሺ ብሏል። ካልደረስኩ ቦታዬን ለሌላ ይሰጡታል፤ ወላሂ ይሰጡታል።"

"እኔ ለእናንተ ብዬ ክለብ ትቻለሁ!" ለቡድኑ ልጆች ተናግሬው የማላውቀውን ነገር ጮኬ ተናገርኩት። ወዲያው አፈርኩ።

"እኔ ቅሪ አላልኩሽም" አለችኝ ቀስ ብላ። ደግሞም "የአባቴ ዓይን እየጠፋ ነው። ተማሪዎቻቸውም ተበትነዋል። እኔ ካልሄድኩ ማን አላቸው?" አለች።

ተመልሰን ተሳፈርን። ከዚያ እስከ ደሴ ትከሻዬ ላይ ተኝታ ሄደች። እንዳትነቃ ብዬ አልተንቀሳቀስኩም።

ደሴ መናኸሪያ ሻንጣዋን አወረድኩላት። "አብሽሪ" አለችኝ። እሷ ናት የምትሰደደው፣ እሷው ታጽናናኛለች። እኛ አምስታችን ወደ ሜዳው ሄድን።

ዳኛው ቆጠረን። "ስድስተኛዋስ?" አለ።

"መጀመሪያ ልጆቹ ያሟሙቁ" አሉ አሰልጣኙ። ምን እንደሚጠብቁ አላውቅም። እኛም ምንም እንዳልጎደለን ሁሉ ሮጥን፣ ዘለልን፣ ኳስ ተቀባበልን። በደንቡ አምስት ሆኖ መጀመር አይቻልም። ፊሽካ ተነፋና ድሉ ለተጋጣሚያችን ተጻፈ። ተሰልፈን ተጨባበጥን። ላብ አጥምቆናል፤ አንዲት ነጥብ ግን አልተጫወትንም።

ያ የክለብ አሰልጣኝ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር። ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ሄድኩና ሰላም አልኩት። "አሁንማ የምንይዘው ከሃያ ዓመት በታች ያሉትን ነው፣ እኅቴ" አለኝ፤ እጄን በሁለት እጁ ይዞ፣ በትሕትና። ቢያመናጭቀኝ ይሻለኝ ነበር።

በሚቀጥለው ሐሙስ ልምምድ የመጣነው ሦስት ነን። ከዚያ ሁለት። ከዚያ እኔና አሰልጣኙ ብቻ። እኔ ኳሱን ግድግዳ ላይ አነሳለሁ፣ እሳቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይቆጥሩልኛል። እንዲህ ስንል ክረምት ገባ። "በቃ፣ ልጄ" አሉኝ አንድ ቀን። "ጉልበትሽን በከንቱ አትጨርሺ።" መረቡን ጠቅልለው በብብታቸው ይዘው ሄዱ። እኔም አልተከራከርኳቸውም።

ዛሬ የአንድ ቢሮ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። አምና የአንድ ትምህርት ቤት መምህር ሴቶቹን እንዳሠለጥንለት ለመነኝና ሄድኩ። አንዷ ልጅ የአንሺ እጅ አላት፤ ኳሱ ጣቷ ላይ ሲያርፍ ድምፅ አያሰማም። ጠርቼ "አንቺ በርቺ፣ ጥሩ አንሺ ይወጣሻል" አልኳት።

"ኧረ ፓስፖርቴ እስኪመጣ ነው የምጫወተው፣ እትዬ!" አለችኝ እየሳቀች።

አውራ ጣቷን ወደ ፊት ታወጣው ነበር። ወደ ኋላ መልሼ አስተካከልኩላት፣ እስኪለምድላት ድረስም አስደጋገምኳት። በሚቀጥለው ሳምንት መምህሩ ሲደውል ሳያመኝ ጉልበቴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ።