ካርቶኑ

የባጃጁ ሾፌር በሮቤ ከተማ ብርድ የደረበው የላብራቶሪ ጋውን ነበር፤ ነጭነቱን ግሪስ ጨርሶታል። ከኋላ የተሳፈረችው መምህርት ዙሀይራ ስልክ አናግራ ስትጨርስ በመስታወቱ አያት።

«በድምፅዎ አወቅኩዎት። አምና ከኮሌጁ ደውለው ‹ትምህርቱ ምን ይሻሻል?› ሲሉኝ፣ የላብራቶሪው ማሽን ከካርቶኑ ሳይወጣ ተመረቅን ብዬ ነግሬዎት ነበር። ‹ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ፣ እናስተካክላለን› አሉኝ።»

ትዝ አላት። በተመራቂዎች መጠይቁ «ሥራ ይዟል» የሚለው ላይ ምልክት አድርጋ፣ የማሽኑን ነገር ግን መጻፊያ ቦታ ስላጣችለት ትታው ነበር።

«እኔንማ አልፎኛል» አለ፣ መሪውን በእጅጌው እየወለወለ። «እህቴ እዚያው ዲፓርትመንት ልትገባ ስለነበር ነው የነገርኩዎት። ትናንት ስለ ማሽኑ ጠየቅኳት።»

«ምን አለችህ?» አለች ዙሀይራ።

«ወንበር ስለማይበቃን ካርቶኑ ላይ ተቀምጠን ነው የምንማረው አለችኝ።»