የወንድይራድ ባላምባራስ

ወይዘሮ አገርነሽ ባሏ አፉን ሲከፍት የትኛው ቃል ቀድሞ እንደሚወጣ ታውቃለች፤ «ቅድመ አያቴ» ነው። ወንድይራድ አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ ነው። ከየካ ወደ መሀል ከተማ የሚወርድ ሰው ሁሉ፣ የሳንቲም መልሱን እየጠበቀ፣ እንጦጦ መናገሻ በነበረ ጊዜ የካ ሥር የመጀመሪያውን ድንኳን የተከሉት ባላምባራስ አንዳርጌ መሆናቸውን ሳይወድ በግዱ ተምሯል።

ይህ ታሪክ እንዴት እንደተወለደ መመርመር ደስ የሚል ሥራ ነው፤ እያንዳንዱ እርምጃ ቁልጭ ብሎ ይታያልና። የወንድይራድ አባት ገብረ ክርስቶስ በጣሊያን ጊዜ ከመንዝ መጥተው ለመንገድ ሥራ ድንጋይ የፈለጡ ሰው ነበሩ። እሳቸው በሞቱ ጊዜ ልጃቸው ለተዝካሩ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ አንድ አሮጌ የመቃብር ድንጋይ ላይ «ደስታ አንዳርጌ» የሚል ጽሑፍ አየ። የእሱም አያት ስማቸው ደስታ ነው። ደስታ የሚባል ሰው በየመንደሩ እንዳለ ለአፍታ እንኳ አላሰበም፤ የሰው አያት ይዞ ቤቱ ገባ። ከዚያ ሽማግሌዎችን እየጠየቀ የአንዳርጌን ባላምባራስነት አወቀ። ድንኳኑን ግን የጨመረው ራሱ ነው።

አገርነሽ ያን ጊዜ ዝም አለች። ዝም ያለችው ስለምታከብረው አይደለም፤ ለቂል መልስ መስጠት አድካሚ ስለሆነባት ነው።

ጎረቤታቸው ኢቲቻ ግን ዝም አይልም። ከማንም ድንኳን በፊት የእሱ አባቶች በየካ ተረተር ላይ ከብት ያረቡና ያርሱ ነበር።

«ስማ ወንድይራድ፣ ያ ድንኳን የተተከለው የማን ገብስ ላይ ነው?» ይለዋል።

«ባዶ መሬት ነበር።»

«አዎ፣ ባዶ ነበር። አያቴ ገብሱን የሚዘራው አየር ላይ ነበር!»

ከዚያ አብዮቱ መጣ። መሬት ሲወረስ፣ የባላባት ዘር ሲታደን፣ ሌላው ሰው አንገቱን ደፋ፤ ወንድይራድ ግን ታሪኩን አደሰ። ባላምባራሱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ማዕረጋቸውን ተገፈው «አባ አንዳርጌ» ሆኑ፤ በቀበሌው የውይይት ክበብም ጫካ የመነጠሩ፣ በፊውዳሎች የተበዘበዙ ጭቁን ገበሬ መሆናቸው ተገለጸ። የውይይቱ መሪ አስጨበጨበላቸው። ከኋላ የተቀመጠችው አገርነሽ፣ ሟቹ ሁለት ጊዜ መዘረፋቸውን አሰበች፤ መጀመሪያ ዘራቸውን፣ ቀጥሎ ማዕረጋቸውን።

የወንድይራድና የአገርነሽ ብቸኛ ልጅ የሺሃረግ እስክትታጭ ድረስ ነገሩ ማንንም አልጎዳም። በ1971 ዓ.ም. ፍሥሐ የሚባል የካራ ሰፈር ልጅ ሽማግሌ ላከ። ከምሥራቅ ጦር ግንባር በሕይወት እስኪመለስ ስንቱን እንቢ ብላ የጠበቀችው ልጅ ነው።

ሽማግሌ ሲቀመጥ ዘር ይቆጠራል። አቆጣጠሩ ቀላልና የሚያምር ነው፦ ከልጅቷ ተነስቶ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እየተባለ እስከ ሰባት ቤት ይወጣል፤ በልጁም በኩል እንደዚያው። አንድ ሰው በሁለቱም ወገን ከተገኘ ዘመዳሞች ናቸውና ጋብቻው ይቀራል። የአገርነሽ ወገን ተቆጥሮ ያለ ችግር አለፈ። የፍሥሐ አያት አቶ ኃይለ መስቀል አገጫቸውን ዱላቸው ላይ አስደግፈው ወደ ወንድይራድ ዞሩ።

«እስቲ እርስዎ ይቀጥሉ።»

ወንድይራድ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ወንድይራድ። ገብረ ክርስቶስ። ደስታ። አንዳርጌ፤ ባላምባራስ አንዳርጌ!» እንግዶቹ የቀበሌው ሰዎች ስላልሆኑ ማዕረጉን መልሶላቸዋል።

አቶ ኃይለ መስቀል ቀና አሉ። «የየካው አንዳርጌ?»

«ሌላ ማን አለ!»

«እኔ እኮ የልጃቸው ልጅ ነኝ» አሉ ሽማግሌው። «አጎቴ ደስታ ልጅ ሳይተኩ የሞቱ ነበር የሚመስለን። ለካ ዘር ነበራቸው! ና፣ ና ሳመኝ፣ አንተ የሥጋ ዘመዴ!»

ወንድይራድ ተነስቶ ተጠመጠመባቸው፤ እንባውም መጣ። ከመጋረጃው ጀርባ የሺሃረግም አለቀሰች። ልጅቷ ማግባት እንደማትችል በዚያ ቤት ያልገባው ሰው አባቷ ብቻ ነበር።

«እንግዲህ ዘመድ አገኘን» አሉ ሽማግሌው ተመልሰው ሲቀመጡ። «ጋብቻው ግን ቀረ። አምስተኛው ላይ ተገናኙ።»

«አንተ ሰውዬ፣ እውነቱን ተናገር» አለች አገርነሽ።

«የምን እውነት?»

«የአባትህን ነዋ!»

«ሰው ፊት አታዋርጂኝ፣ አገርነሽ።»

«ልጅህ ትቅር?»

ወንድይራድ ሽማግሌውን አየ፤ መጋረጃውን አየ። አገርነሽ ብዙ ዘመን ንቃዋለች፤ የዚያን ቀን ያህል ግን ንቃው አታውቅም። ሰውየው እያመዛዘነ ነበር!

የአቶ ኃይለ መስቀል ፊት ጠቆረ። «ሚስትህ ብትናገር አይበቃኝም። የምሰማው ካንተ ነው።»

ከመጋረጃው ጀርባ ልቅሶው ጸጥ አለ።

«ድንጋይ ፈላጭ ነበሩ» አለ ወንድይራድ በመጨረሻ፣ ጫማውን እያየ። «ከመንዝ የመጡ። አንዳርጌን ... መቃብር ላይ ነው ያነበብኳቸው።»

«ጮክ በል» አለች ሚስቱ።

ጮክ ብሎ ደገመው።

ሽማግሌው ቅድም የታቀፉበትን ጋቢ አራገፉ። «መልካም። እንግዲያው የራስዎን ይቁጠሩልን፣ አቶ ወንድይራድ።» አንተ መባሉም በዚያው ቀረ።

«ገብረ ክርስቶስ። ደስታ ...» ቆመ። «ደስታ ...»

ይህን ሁሉ ዓመት የሰው ቅድመ አያት ሲሾምና ሲሽር የኖረ ሰው የራሱን አያውቅም።

የቆጠረችለት አገርነሽ ናት። እሷን ሊያገባ ሽማግሌ በላከ ጊዜ፣ ገብረ ክርስቶስ ራሳቸው ሲቆጥሩ ጓዳ ሆና ሰምታለች። ዕድሜዋን ሙሉ አብራው የምትኖረው ማን መሆኑን ማወቅ ፈልጋ ነበር።

«ደስታ ሳህሉ» አለች። «ሳህሉ ወሰኔ። ወሰኔ ቢረሳው። ይኸው ሰባት ሞላ።»

አቶ ኃይለ መስቀል ስሞቹን ከራሳቸው ወገን ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ። አንዱም አልገጠመም። «ተባረኪ ልጄ» አሉ ለአገርነሽ። «እንግዲህ ቀኑን እንቁረጥ።» የሺሃረግ ወጥታ ጉልበታቸውን ሳመች።

ወንድይራድ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ስሞቹን ሲያጠና ቆየና ወደ ሚስቱ ጠጋ አለ።

«ይሄ ቢረሳው ያልሽው» አለ በሹክሹክታ፣ «ማዕረግ ነበራቸው እንዴ?»

አገርነሽ ለእንግዶቹ የእጅ ውሃ ልታመጣ ተነሳች።