ከደረቁ ወንዝ ማዶ የነበረችው ሴት

ያን ቀን ቆቦ፣ ከሰፈራችን በታች ባለው ደረቅ ወንዝ የነበርነው እኔ፣ የአራት ዓመት ልጄ ሀያት፣ የጎረቤቴ የለተብርሃን ልጅ ናሆም፣ ማሽላውን ሊያይ የወረደው አያ ሰይድ እና ማዶ የቆመች አንዲት የማላውቃት ነፍሰ ጡር ሴት ነን። ነገሩ የሆነው ባለፈው ክረምት ነው። እስካሁን ድረስ ተራራው በኩል ሰማዩ ሲጠቁር ሀያትን ከደጅ ጠርቼ አስገባለሁ።

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ሀያት መዋለ ሕፃናት ሳትገባ የምችለውን ላስተምራት ብዬ ጨዋታ አበጀሁ። ቀለም እጠራለሁ፤ ልጆቹ ሮጠው ያ ቀለም ያለውን ነገር ይነካሉ። ኋላ የቀረ እስከ አምስት ይቆጥራል። አሸዋ ላይ ቢወድቁ አይጎዱም ብዬ ወንዙ ውስጥ ነበር የማጫውታቸው። ከመውረዳችን በፊት ሰማዩን አይቻለሁ፤ ጥርት ያለ ነበር።

ከዳር ቁጭ ብዬ "ነጭ!" አልኩ። ወደ ማዶ ጠጋ ብሎ ያለውን ነጭ ድንጋይ ሊነኩ ሮጡ። ናሆም ቀደመ።

"አታለልከኝ!" አለች ሀያት።

"አላታለልኩሽም፣ ቁጠሪ!"

ሦስት ላይ ስትደርስ አያ ሰይድ ከላይ ጮኸ። "ደራሽ! ደራሽ መጣ! ልጆቹን!"

ተራራው ላይ የዘነበው ዝናብ ድንገት ጎርፍ ሆኖ መውረዱ ነው። እንደ ከባድ መኪና ይጮሃል። ብድግ ስል ሀያት አየችኝና "እማ!" ብላ ወደ እኔ መሮጥ ጀመረች። ናሆምም ተከተላት። ወደ እኔ ከመጡ ጎርፉ መሃል ላይ ያገኛቸዋል። ተመለሱ ብላቸው የሚሰሙኝ አልመሰለኝም፤ የፈራ ልጅ የሚሮጠው ወደ እናቱ ነው።

ቀና ስል ያቺ ሴት ባዶ ቢጫ ጄሪካን ይዛለች።

"ቢጫ!" አልኩ ባለ በሌለ ድምፄ። "ሀያት፣ ናሆም፣ ቢጫ!"

ቆሙ። ዞሩ። ከእኔ ርቀው ወደማላውቀው ሰው ሮጡ። ሴትየዋም ገባት መሰል ጄሪካኑን ከፍ አደረገችው። አጠገቧ ሲደርሱ ጄሪካኑን ጥላ ጎንበስ አለችና አንድ በአንድ በክንዳቸው ጎትታ አወጣቻቸው። ወዲያው ውሃው ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ መሃላችን ገባ። ልጆቹን ቁጥቋጦ ጋረደብኝ።

ውሃው ውስጥ እገባለሁ ብዬ ስታገል አያ ሰይድ ሮጦ ደርሶ ክንዴን ያዘ።

"አብደሻል እንዴ? አንቺን ከወሰደሽ ማን ሊያሳድጋት ነው?"

"የሰው ልጅም አለ አያ ሰይድ! ለእናቱ ምን እላታለሁ?"

ሴትየዋ ወደ ዳር ብቅ አለች። የጎርፉ ጩኸት አያሰማም። ሁለት ጣቷን አነሳች፤ ሁለት ናቸው ወይ ማለቷ ነው። እኔም ሁለት ጣቴን አነሳሁ። አልሐምዱሊላህ ብዬ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። እሷ ግን ወገቧን ይዛ ስትንበረከክ አየኋት።

ውሃው ጎድሎ ስንሻገር ሊመሽ ነበር። ልጆቹን የማዶ ሰፈር ሰዎች ይዘዋቸዋል። ሴትየዋ የለችም።

"ምጥ መጥቶባት በባጃጅ ወሰዷት። ቀኔ ገና ነው እያለች ታለቅስ ነበር" አሉኝ።

ጤና ጣቢያ ሄጄ ጠየቅሁ። ሮቢት ከተማ ድረስም ሄድኩ። የሚያውቃት አላገኘሁም። አሁን ሀያት ደብተር ይዛ ስትወጣ ደስ ይለኛል፤ ግን ወዲያው ያቺ ሴት ትዝ ትለኝና ደስታዬ ይጎድላል።

ቀጠን ያለች፣ ጠይም፣ ጥቁር ሻሽ ያሰረች ናት። የምታውቋት ካላችሁ በሰላም ተገላግላ እንደሆነ፣ ልጇም ደህና እንደሆነ ንገሩኝ።