የፍሬን እግር

ጋሽ ሰቦቃ ሌላ ሰው በሚነዳው መኪና ሲሄዱ ቀኝ እግራቸው አያርፍም። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድተዋልና፣ ሹፌሩ ፍሬን ሳያስብ እሳቸው ቀድመው ወለሉን ይረግጣሉ። የዛሬ ሦስት ዓመት ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ሲይዘው ይህ እግር ተረፈ። በፈረንሳይ ለጋሲዮን እንደሳቸው ያለ ነዝናዛ ተሳፋሪ የለም፤ ጎረቤታቸው ነኝና አውቃለሁ።

የምታስታምማቸው ልጃቸው ኢፍቱ ናት። ዕድሜዋ አርባ ስድስት ነው፤ በከተማ አውቶቡስ ትኬት መቁረጥ ከጀመረች አሥራ ስምንት ዓመት አለፋት። ልቧ ግን መሪው ላይ ነው፤ የአውቶቡስ መንጃ ፈቃድም አውጥታለች። የሹፌርነት ቦታ ሁለት ጊዜ ወጥቶ ነበር። መጀመሪያ አራስ ነበረች፤ ቀጥሎ አባቷ ታመሙ። ዘንድሮ እንደገና ሲወጣ አለቃዋ፣ «አንቺማ አስታማሚ ነሽ፤ ሹፌር ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ይገባል፤ አባትሽን ማን ያይልሻል?» አላት። የሚቀበሉት እስከ አርባ ሰባት ዓመት ብቻ ነው። ይሄኛው ካመለጣት ሌላ የለም።

ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። እኔ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፤ ጠዋት ከዶሮዎቼ በቀር የሚጠብቀኝ የለም። «ጠዋት ጠዋት እኔ አለሁላቸው፤ ሂጂና ተመዝገቢ» አልኳት።

ተመዘገበች። የቀረው ፈተናው ነበር፤ አውቶቡሱን ዳገት ላይ አቁሞ ወደ ኋላ ሳይንሸራተት መነሳት። ጋሽ ሰቦቃ ማሠልጠኛውን ራሳቸው ከፈቱ። ኢፍቱ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋቻቸው ወደ ቤት ስትወጣ፣ ዳገቱ መሃል ያስቆሟትና አብሬያቸው የምሄደውን እኔን «ከጎማው ኋላ የክብሪት ቀፎ አስቀምጪ» ይሉኛል።

«ከጨፈለቅሽው ወድቀሻል።»

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ሞተር የለውም።»

«ሞተሩ አንቺ ነሽ። በይ ተነሺ።»

ጨፈለቀችው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉና ሌላ ቀፎ አስወጡኝ። ስንት ክብሪት እንደፈጀን እግዜር ይወቀው። ባለሱቁ ቤት ልናቃጥል መስሎት መጠየቅ ጀምሮ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን ቀፎው ሳይነካ ቀረ።

ፈተናውን አለፈች። እሷ እየሳቀች ነገረችን፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

ሥራ በጀመረች በሳምንቱ ጋሽ ሰቦቃን ከሐኪም ቤት ስመልስ የእሷ አውቶቡስ መጣ። ተሳፋሪዎች ደግፈው አሳፈሩልኝና ከኋላዋ ካለው ወንበር አስቀመጥናቸው። ዳገቱ መሃል ስንደርስ አንድ ሚኒባስ ሰው ሊጭን ከፊታችን ተገትሮ ቆመ። ኢፍቱም ቆመች። ሕዝቡ ጢም ብሏል፣ ከኋላችን መኪና ተደርድሯል። ወለሉን በሁለት እግሬ የረገጥኩት እኔ ነኝ።

አውቶቡሱ ስንዝር ሳይመለስ ተነሳ። የጋሽ ሰቦቃን እግር አየሁት፤ ተዘርግቶ አርፏል።

«ምነው ዛሬ አልረገጡም?» አልኳቸው።

«ሹፌር አለ አይደል እንዴ?» አሉኝ።