ሳይንሱን ሕክምና መስሎት

ያን ሐሙስ ወንድሜ በሞተር ሳይክሉ ከአርባ ምንጭ አጠገብ ወዳለችው ላንቴ ይዞኝ ሄደ። እዚያ የእንስሳት እርባታ ባለሙያ ነበር፤ ገበሬዎችን ስለ መኖና ስለ ዝርያ ያማክራል። እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አልፌ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ልሞላ ነበር። ምርጫው በማግስቱ ዓርብ ይዘጋል። የእንስሳት ሐኪም መሆን እንደምፈልግ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር።

ከሙዝ ማሳ ዳር አንዲት እናት ላማቸውን አስረው ጠበቁን። ላሟ ከስታለች፣ ፀጉሯ ቆሟል። ዝንብ የሚያመጣው ገንዲ የሚባል በሽታ ሳይሆን አይቀርም።

«ዶክተርዬ፣ መጣህልኝ!»

«ዶክተር አይደለሁም እናቴ። ስንቴ ልንገርዎ?»

«ዶክተር ካልሆንክ ታዲያ ሞተሩን ለምን ሰጡህ?»

ወንድሜ ሳቀ። ለክሊኒኩ ሐኪም ደወለና እስኪመጣ የላሟን ጆሮ እየዳበሰ ቆመ። መርፌ መውጋት ለእሱ አይፈቀድለትም። ሐኪሙ መጥቶ ሲወጋ ወንድሜ ራቅ ብሎ እጁን ኪሱ ከተተ። ሳቁ ፊቱ ላይ አልነበረም።

ከዚያ ጥላ ፈልገን ተቀመጥን።

«እኔ በአንተ ዕድሜ የሞላሁት እንስሳት ሳይንስ ነው» አለኝ። «ሳይንስ ሲል ሕክምና መሰለኝ። የሚነግረኝ ሰው የለም። አንድ ቀን መምህሩን መርፌ መቼ ነው የምንይዘው ብዬ ብጠይቀው፣ ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ መኖ ተማርኩ። መኖም ጥሩ ነው። ግን ከብት ዓይኔ እያየ ይሞታል። በል የምርጫ ወረቀትህን አምጣ።»

ሰጠሁት። አንደኛ ያደረግኩት እዚሁ አርባ ምንጭ ያለውን ዩኒቨርሲቲ ነበር።

«የእንስሳት ሕክምና አለ ወይ ብለህ ጠይቀሃል?»

«አልጠየቅኩም።»

«ታዲያ ለምን አንደኛ ሆነ?»

«ቤት ስለሚቀርብ።»

«የእናታችንን ወጥ ነው የመረጥኩት በለኛ!»

ሳቅኩ። እሱ ግን ቀስ ብሎ አስረዳኝ። የመጀመሪያው ዓመት ለሁሉም አንድ ነው፤ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ሌላም ሌላም። ትምህርት ክፍል የሚመረጠው ከዚያ በኋላ፣ በነጥብ ነው። ስለዚህ የገባህበት ግቢ ሕክምናው ከሌለው፣ ነጥብህ የቱንም ያህል ቢሆን ዋጋ የለውም። ቀጥሎ የሰውነት አካላት ትማራለህ፣ ከዚያ በሽታው፣ ከዚያ መድኃኒቱ። መጨረሻ ላይ የታመመ ከብት ፊት ያቆሙሃል። በጠቅላላው ስድስት ዓመት። ለከተማው ስም አትጓጓ፣ ተማሪው የሚሠራበት የከብት ክሊኒክ እንዳለ ጠይቅ አለኝ። ጎንደር የተማረ ጓደኛ ነበረው፣ ስለ ክሊኒኩ በጣም ያወራለታል። ወረቀቱ ላይ ጎንደርን አንደኛ፣ ቢሾፍቱን ሁለተኛ፣ ሐዋሳን ሦስተኛ አድርጎ ጻፈ።

«ጎንደር? እማዬስ?» አልኩት። አባታችን ከሞተ ቆይቷል።

«እሷን ለእኔ ተዋት። እኔ አጠገቧ አለሁ አይደል? አንተ ሂድ።»

ስለ መንገዱም ልጠይቀው ፈልጌ ነበር። ስንት ቀን ይፈጃል? ብርድ ነው ወይ? ሌላ ገበሬ ጠራውና ተነሣ። ወደ ሰፈራችን ወደ ሲቀላ የሚሄድ ባጃጅ ላይ አሳፈረኝ። «ቀሪውን ቤት» አለኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የእናቴ ስልክ ጮኸ። የወንድሜ ቁጥር ነው፣ ድምፁ ግን የማናውቀው ሰው። ሞተሩ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጭቷል አለ። ሆስፒታል ስንደርስ ሕይወቱ አልፎ ነበር።

ስለዚያ ሌሊት መጻፍ አልችልም።

ሲነጋ ድንኳን ተተከለ። የደጋ ዘመዶቻችን እስኪወርዱ ቀብሩ ለከሰዓት ተባለ። እናቴ ሴቶች መሀል ተቀምጣ ድምፅዋ አልቆ ነበር። አንዷ አክስቴ እጄን ይዛ «እንግዲህ ለእናትህ ያለኸው አንተ ብቻ ነህ» አለችኝ። አዎ አልኩ። ከዚያ ተነሥቼ ወጣሁ። ሰው ሁሉ ሽንት ቤት የምሄድ መስሎት ይሆናል።

ትምህርት ቤት በእግሬ ሄድኩ። ምርጫውን የሚያስገቡት መምህር ሲያዩኝ ደነገጡ፤ ሰምተዋል።

«ልጄ፣ ዛሬ ለምን መጣህ?»

«ዛሬ ይዘጋል ስለተባለ ነው።»

ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞሩልኝ። ጎንደር የሚለው ስም ላይ ቆየሁ። ጎንደር እንድሄድ የፈቀደልኝ እሱ እዚህ ስለሚቀር ነበር። ልቤ ጎንደርን ይፈልጋል፣ አሁንም ይፈልጋል። እናቴ ብትታመም ግን ከሐዋሳ በዚያው ቀን እደርሳለሁ።

«መምህር፣ ሐዋሳ ሕክምናው አለ? ሳይንሱን አይደለም የምለው። ሕክምናው።»

«አለ» አሉኝ። ተሳስቼ እንዳይሆን ብለው የዩኒቨርሲቲውን ስልክ ቁጥር ፈልገው ደወሉ። እዚያ ያለው ሰውም አለ አለ።

ሐዋሳን አንደኛ አደረግኩ። ጎንደር ሦስተኛ ሆነ። መምህሩ «እርግጠኛ ነህ?» አሉኝ። አይደለሁም ለማለት አፈርኩና አዎ አልኩ።

ወደ ድንኳኑ ተመልሼ እናቴ እግር ሥር ተቀመጥኩ። ወዴት ሄደህ ነበር አለችኝ። ሐዋሳ የእንስሳት ሕክምና ልማር መምረጤን ነገርኳት።

«ስንት ዓመት ነው?»

«ስድስት።»

ነጠላዋን ከትከሻዋ አንስታ ግማሹን እኔ ላይ ጣለችው።