በአቶ ኦይዳ ሬዲዮ ውስጥ የተገኙት ቀለበቶች

ሳልሰርቅ ሌባ ተብያለሁ። ያሉኝም ጠላቶቼ አይደሉም፤ አብሬያቸው የምዘምርና የምጸልይ ሰዎች ናቸው።

ባለፈው ሳምንት ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ስልክ የሚጠግን ወጣት ዘንድ ተቀምጬ ነበር። የልጅ ልጄ ስልክ አልበራ ብሎ ነው። ወጣቱ ክዳኑን ከፍቶ አረንጓዴውን ሰሌዳ ሲያወጣ፣ ዳር ዳሩ ላይ ምንም ያልተገጠመባቸው የሚያብረቀርቁ ነጥቦች አየሁ። ምን እንደሆኑ ጠየቅሁት።

«የመፈተሻ ናቸው አባባ፤ ቴስተሩን እዚህ ነው የምናስነካው። ፋብሪካው ራሱ ነው የሚያደርጋቸው» አለኝ።

ፋብሪካው ራሱ አለ። ከዚያ በኋላ የተናገረውን አልሰማሁትም።

በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ገና ወጣት ነበርሁ። ፊደል አላውቅም፤ ማንበብ የተማርሁት ከጎለመስሁ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው። እጄ ግን ሥራ ይይዝ ስለነበር፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ጋሽ ዘለቀ የሚባል ሬዲዮ ጠጋኝ ቀጥሮኝ ነበር። ሱቁ ወደ አረካ በሚወጣው መንገድ ዳር ነው። በክረምት የዳሞታ ተራራ ጉም እስከ በራችን ይወርድና፣ ቤቱ ውስጥ የቀለጠ እርሳስና የጭቃ ሽታ ይቀላቀላል። ምሳችን ቦይና የምንለው የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ ነበር። ጋሽ ዘለቀ መጀመሪያ ቦይናውን ሲያይ ፊቱን ያጨማድድ ነበር፤ ኋላ ግን ከእኔ ፊት ያነሳ ጀመር።

በባትሪ ድንጋይ የሚሠሩ ትንንሽ ሬዲዮዎች የበዙት ያኔ ነው። ሆዳቸው ውስጥ ቡናማ ሰሌዳ አለ፤ በጀርባው ቀጫጭን የመዳብ መስመሮች ታትመውበታል። ብልሽቱን ለማግኘት የቴስተሩን መርፌ መስመሩ ላይ ማስነካት ያስፈልጋል። መስመሮቹ ግን የተጠጋጉ ናቸው፤ መርፌው ትንሽ ከተንሸራተተ ጎረቤቱን ነክቶ ደህናውን ዕቃ ያቃጥላል። ጋሽ ዘለቀ ለዚህ ዘዴ ነበረው። ኤሌክትሪኩ በሚገባበት፣ ድምፁ በሚወጣበትና በመሃሉ ባሉት ዋና ቦታዎች ላይ አጭር ሽቦ እንደ ቀለበት ጎንበስ አድርገን እንበይዳለን። የቴስተሩ መቆንጠጫ እዚያ ላይ ይንጠለጠላል፤ እጅ ነጻ ይሆናል። ሬዲዮው ሌላ ጊዜ ተበላሽቶ ቢመለስም መፈተሹ ቀላል ነው። ቀለበቶቹ ከዚህ ሌላ ሥራ የላቸውም።

የሶዶ ሰው ግን ሬዲዮ ጠጋኝ አያምንም ነበር። ደህናውን ዕቃ አውጥቶ አሮጌ ይተካል ይባላል። አንዳንዱ ሬዲዮውን ሲያመጣ ሆዱን አስከፍቶ እያንዳንዷን ዕቃ በቀይ ክር ያስራል፤ ሲወስድ ክሩን እያየ ነው። አቶ ኦይዳ ክር አላሰረም። የአረካ እህል ነጋዴና የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው፤ «አንጁሎ የኛ ልጅ ነው» ብሎ፣ ሳያስከፍት ሰጥቶኝ ሄደ።

ሊወስድ ሲመጣ ሬዲዮው ጥርት አድርጎ ይናገራል። ክዳኑን ልገጥም ስል ጎንበስ ብሎ አየ።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«መፈተሻ ናቸው ጋሼ። ቴስተር የሚንጠለጠልባቸው።»

«መስቀያው ይኸው፤ የተሰቀለው የታለ?»

«የተሰቀለ ነገር አልነበረም። ይኸው ይሠራል አይደል?»

«አንድ ዓይና ሰውስ አይሄድም እንዴ?»

በር ላይ የቆሙት ሳቁ። በአቶ ኦይዳ ቤት ምሰሶ ላይ የተመታ መስቀያ ሁሉ ወይ ሥጋ ወይ ቅል ይንጠለጠልበታል፤ ባዶ ከሆነ ሰው ወስዷል ማለት ነው። ደጋግሜ አስረዳሁት። ባስረዳሁ ቁጥር ይበልጥ አዘነብኝ።

ነገሩ ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ደረሰ። ጋሽ ዘለቀንም ለምስክርነት ጠሩት። እሱ ኦርቶዶክስ ነው፤ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በሩ አጠገብ ቆመ። ሽቦዎቹን ያስበየደኝ እሱ እንደሆነ ጠየቁት።

«እኔ የማውቀው የለም። የሠራው እሱ ነው፤ እሱን ጠይቁት» አለ።

ስንወጣ መንገድ ላይ ደረሰብኝ። «ምን ላድርግ አንጁሎ? እኔ ነኝ ብል፣ ነገ የጠገንሁለት ሁሉ ሬዲዮውን ተሸክሞ ይመጣል። አንተ ወጣት ነህ፤ ይረሳልሃል።»

በማግስቱ ሥራ አልገባሁም።

አገዱኝ። በእኛ ዘንድ የታገደ ሰው የኋላ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ የጌታ ራት ሲታደል ያልፈዋል፤ ጋብቻም አይፈጸምለትም። እኔ ደግሞ አስቴር ለምትባል የጉኑኖ አገር ልጅ ሽማግሌ ልኬ፣ እሺ ተብዬ፣ ሠርጉ ለጥር ተቀጥሮ ነበር። እገዳው የሚነሳው በጉባኤ ፊት ቆሞ በመናዘዝ ብቻ ነው። አላደረግሁም ለሚል ሰው የተዘጋጀ ጸሎት የላቸውም።

አስቴር ገበያ መጥታ አገኘችኝ። «እንዳልሰረቅህ አውቃለሁ» አለች። «ግን ሰርቄያለሁ በልና ይለቅ። እኔ እንደሆንሁ አልጠላህም።»

«እኔ ራሴን እጠላለሁ።»

«ታዲያ እኔስ? ከራስህ ጋር ነው የምትጋባው?»

ጥር አለፈ፤ የሚቀጥለውም ጥር መጣ። አባቷ ለሁምቦ ሰው ሰጧት። እኔ የሰው ግቢ እየቆፈርሁ እበላ ነበር፤ ሬዲዮ የሚያስነካኝ ሰው ጠፍቶ።

ከዚያ እናቴ ታመመች። ቆዳዋ አጥንቷ ላይ እስኪጣበቅ ከሳች። ቆጮ አልወርድ ብሏት ወተት ብቻ በማንኪያ እሰጣታለሁ። አንድ ቀን ማንኪያውን በእጇ ገፋችው።

«ልጄ፣ ከጌታ ራት ተለይተህ ትቼህ አልሂድ።»

«እማዬ፣ አንቺም ሰርቋል ትያለሽ?»

«እኔ የምልህ ተነሥተህ ቁም ነው።»

ቆምሁ። በጉባኤው ሁሉ ፊት ሰርቄያለሁ አልሁ። ይበቃል ብዬ ነበር፤ ጉባኤውን የሚመራው ሽማግሌ ግን ምን እንደወሰድሁ ጠየቀኝ። ይህን አላሰብሁበትም ነበር። «መስቀያው ላይ የነበሩትን» አልሁ። የት እንዳደረስኋቸው ጠየቀ። ገበያ ውስጥ ለማላውቀው ሰው ሸጥኋቸው አልሁ። ሰው ሁሉ እፎይ አለ። አቶ ኦይዳ ከፊት ወንበር ተነሥቶ እያለቀሰ አቀፈኝ፤ እንባው አንገቴ ላይ ሞቀኝ። «ከልቤ ይቅር ብዬሃለሁ ወንድሜ» አለኝ። የምሩን ነው። በሕይወቴ እንደዚያ የጠላሁት ሰው የለም፤ እጄ ግን ወገቡ ላይ ነበር።

እናቴ ደስ ብሏት ሞተች። እኔ አልተደሰትሁም፤ እሷን ግን አልወቅሳትም። ጋሽ ዘለቀም አቶ ኦይዳም ከሞቱ ቆይተዋል። ዛሬ በቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ሲመከሩ ስሜ ይነሣል፤ አንጁሎ ሰርቆ ነበር፤ ልቡን ሰብሮ ተመለሰ፤ ምሕረት አገኘ ይባላል። ቃል በቃል አውቀዋለሁ። ሲጨርሱ ዞር ብለው ያዩኛል፤ እኔም ራሴን ነቅነቅ አደርጋለሁ። በእነሱ ዘንድ ጉዳዩ አልቋል። ያለቀውም ቆሜ በተናዘዝሁበት እሑድ፣ መጋቢት 14 ቀን 1961 ዓ.ም. ነው።